ሁለት ስንዝር ተኩል

የእትዬ ራቢያ ሱቅ ካዛንቺስ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለው ቅያስ ውስጥ ነበር። ሱቅ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚያወራባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ጥጉ የተሰበረ አንድ የቁም መስታወት፣ በቃ። በቀኝ በኩል የጎሚስታው የዋቅጅራ ቤት አለ። እሱ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲነፋ ይውላል፤ እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያን ጥቁር እጅህን ከጨርቄ አርቅልኝ እያሉ ሲጨቀጭቁት ይውላሉ። ለማያውቃቸው ደመኛ ይመስላሉ። ሻይ ሲመጣ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይጠጣም።

እኔ ቢፍቱ እባላለሁ። ያኔ፣ ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ላይ ማለቴ ነው፣ ሥራዬ መቆም ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ድርጅቶች ሲመረቁ፣ አዲስ ዕቃ ሲያስተዋውቁ፣ ዓመታዊ በዓላቸውን ሲያከብሩ «ለድምቀት» ተብለን የምንጠራ ሴቶች ነበርን። ወረቀት ላይ ሞዴል ይሉናል። ሪባን ሲቆረጥ መቀሱን በትሪ ይዘን እንቆማለን፤ ሽልማት ሲሰጥ ዋንጫውን ይዘን እንቆማለን፤ ሲሚንቶ ሲተዋወቅ ከሲሚንቶው፣ የውሃ ፓምፕ ሲተዋወቅ ከፓምፑ አጠገብ እንቆማለን። አንዴ በሐምሌ፣ በዚያ ዝናብ፣ ድንኳን ሥር ለዶሮ መኖ ቆሜያለሁ። የዶሮ መኖን ከእኔ ጭን ጋር ምን እንዳገናኘው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያኔም ጠይቄ ነበር፤ ምላሰኛ ናት ተባልኩ እንጂ መልስ አላገኘሁም።

ልብሳችንን የሚሰፉት እትዬ ራቢያ ነበሩ። ትእዛዙን የሚያመጣላቸው ደግሞ አቶ በድሉ የሚባል ፕሮግራም አዘጋጅ ነው። አቶ ያልኩት ለወጉ ያህል ነው። ይህ ሰው ሜትር አይወድም፤ የነገሩን ሁሉ ልክ በእጁ ነው የሚያሳየው። አበባው ይሄን ያህል፣ መድረኩ ከዚህ እስከዚያ፤ ቀሚሳችን ደግሞ ከወገብ ወደ ታች በስንዝር። የደረትና የወገባችንን ልክ ረዳቱ በሜትር ለክታ በወረቀት ትልከዋለች፤ ርዝመቱን ግን ራሱ መጥቶ፣ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ፣ አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ ያሳያል። እጁ እኮ የሕፃን እጅ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ስንዝር ነበርን፤ በሦስተኛው ዓመት ሁለት ተኩል ገባን። በዚህ አያያዙ ከርሞ በጣት ሊለካን ነው ብዬ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም። ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እየተባለ ነው የሚሄደው። እኔ ሁልጊዜ ቁጥር አራት ነኝ። እትዬ ራቢያም ቁጥራችንን እያዩ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ፤ ለፕሮቫ ስንመጣ ደግሞ እያሳቁ ያለብሱናል። ያን የዶሮ መኖውን ቀሚስ ለብሼ ስሞክር፣ እትዬ፣ ኧረ በዚህ ብርድ እግሬ ሊቆረጥ ነው ብያቸው ነበር። ቆንጆ አይበርዳትም ብለው ቂጤን በሜትሩ ቸብ አደረጉኝና ሁለታችንም ሳቅን። ሦስት ቀን አተኮሰኝ። ይህን የምነግራችሁ ልወቅሳቸው ብዬ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

እትዬ ራቢያ ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፣ ሃያት። ባላቸው ሚፍታህ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጅቷ አራት ዓመት ሲሆናት መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሃያት ያደገችው በዚያች የስፌት መኪና ሥር ነው፤ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተጫውታ፣ በፔዳሉ ድምፅ ተኝታ። አድጋ፣ ተምራ የት ተቀጠረች ብትሉኝ፣ እዚያው ካዛንቺስ ከባድ መኪና የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ፣ ሽያጭ ክፍል። አባቷ የነዳውን እሷ ትሸጣለች። በዚያ ዓመት ደግሞ ሸሚዛቸውን በክራባት አንቀው የሚውሉትን ወንዶች ሁሉ በልጣ የዓመቱ ምርጥ ሻጭ ሆነች።

ሽልማቱ መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ውስጥ፣ የካቲት ላይ ነው። አዲሱ መኪናም በዚያው ዕለት ይተዋወቃል። ተሸላሚዎች ከፊት ረድፍ፣ አንድ አንድ ቤተሰብ ይዘው ይቀመጣሉ። የጥሪው ካርድ «ወይዘሪት ሃያት ሚፍታህ ከወላጅ እናታቸው ጋር» ይላል። እትዬ ራቢያ ካርዱን የመስታወቱ ስባሪ ላይ ሰኩት። የመጣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ይገደዳል፤ ዋቅጅራ ብቻውን አራት ጊዜ አንብቧል። እኔ እንኳ ዚፕ ላስቀይር ገብቼ ሳላነብ አልወጣሁም። ሃያ ዓመት መኪና ላይ ያጎነበስኩት ለዚህች ቀን ነው አሉኝ፤ ልጄ እንደ ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ስሟ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ላያት ነው። ከዱንያ የምፈልገው ይኼው ነው አሉ።

በማግስቱ አቶ በድሉ ለዚያው ፕሮግራም የስድስት ቀሚስ ትእዛዝ ከነጨርቁ ይዞ መጣ። ቀይ ሳቲን። እትዬ ራቢያ የልጄ ድግስ ነው ብለው ደስ እያላቸው ተቀበሉ። እሱም እንደ ልማዱ ሚጢጢ እጁን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ አሳየ። አንዴ ርዝመቱ ተሳስቶ ተጣልተው ስለነበር፣ እትዬ ራቢያ ከዚያ ወዲህ አስፈርመው ነው የሚቀበሉት። ወረቀቱ ላይ «ርዝመት፦ ከወገብ በታች ሁለት ስንዝር ተኩል» ብሎ ጽፎ ፈረመና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዚፑ የተቀየረውን ልብሴን ልወስድ ስደርስ እትዬ ራቢያ መቀሱን አስቀምጠው፣ ያን ወረቀት ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። መኪናዋ ዝም ብላለች። የሞተ ሰው አለ ብዬ ደነገጥኩ። ጣታቸውን ቁጥር ስድስት ላይ አሳርፈው፣

«ቢፍቱ፣ ይቺ የእኔ ልጅ ናት» አሉኝ።

እኔም ምን ይላሉ፣ በአዲስ አበባ ስንት ሴት ነው ደረቷ ሰማንያ ስምንት የሆነ ብዬ ልስቅ ሞከርኩ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉት። «የግራ ትከሻ በሁለት ሳንቲም ዝቅ ያለ» ይላል። ሃያት በሰባት ዓመቷ ከዋቅጅራ የጎማ ክምር ላይ ወድቃ አጥንቷ ተሰብሮ፣ ወጌሻው ካሰረው በኋላ እንደዚያው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ዩኒፎርሟንም ሆነ የኢድ ቀሚሷን ያን ሁለት ሳንቲም ሳያስተካክሉ ሰፍተውላት አያውቁም። እናት ልጇን በድምፅ ታውቃለች ሲባል እሰማ ነበር፤ በሳንቲም ስታውቅ ያን ቀን አየሁ።

ወጥቼ በቀጥታ ሃያት ቢሮ ሄድኩ። እኔ ነገር ካወቅሁ መቀመጥ አልችልም። ሃያት በሩ ላይ ሳታየኝ ከሩቅ ስታለቅስ አገኘኋት ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል፤ ሳንድዊች እየበላች ነበር። ስጠይቃት ግን አስቀመጠችው። ከአለቃዋ ጋር አቶ በድሉ መጥቶ፣ ስድስተኛዋ ከራሳችን ቤት ትሁን፣ አንቺ ቆንጆ ነሽ፣ ዋንጫዎቹን በትሪ ይዘሽ ትቆሚያለሽ፣ ስምሽ ሲጠራ ትሪውን ለጎረቤትሽ አቀብለሽ ዋንጫሽን ተቀበዪና ወደ ቦታሽ ተመለሺ ብሏት ነው። ወንበሬስ ብላ ብትጠይቅ ተሳሳቁባት። ወንበሩ ለእንግዳ ይሰጣል አሏት። እምቢ ካልሽ ደግሞ ሽልማቱን ለሁለተኛው መስጠት አያቅተንም አሏት፣ እንደ ቀልድ አድርገው። አብረዋት የሚሸለሙት ወንዶች አንዳቸውም ትሪ ያዝ አልተባሉም። እማዬ እንዳትሰማ፣ ያማታል ብላ አስማለችኝ።

ተመልሼ እትዬ ራቢያ ጋ ስደርስ እሳቸውም፣ ማወቄን ለሃያት እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች ብለው አስማሉኝ። አይ ጣጣ! እናትና ልጅ አንድ ቤት ያድራሉ፣ አንድ ትሪ ላይ ይበላሉ፣ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ዝም። የሁለቱ ምሥጢር ደግሞ የተቀመጠው እኔ አፍ ውስጥ። ሰፈር ሙሉ የሚያውቀው አፌ ውስጥ።

ለእትዬ ራቢያ መፍትሔ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ማለቴ፣ ያመጣሁ መስሎኝ ነበር። ቁጥር ስድስትን ረዘም አድርገው ይስፉላት፣ የእኛን እንደ ፈረደበት ይተዉት አልኳቸው። እትዬ ራቢያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ላንቺ ስሰፋ አንድ ቀን ይበርዳታል አላልኩም፤ ጭራሽ ሳቅኩብሽ» አሉ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ የራሴን ሸፍኜ ያንቺን ልግለጥ?»

ግድ የለም እትዬ ልላቸው ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ለምጄዋለሁ ስል የነበረው ነገር አንዲት ሴት ይቅር በይኝ ስትለኝ ነው ለካ ያልለመድኩት መሆኑን ያወቅሁት። እሳቸውም የልብስ ጠመኔ የነካው እጃቸውን ፊቴ ላይ አሹልኝ፤ ነጭ በነጭ ሆንኩ። መስታወት ውስጥ ዓይቼው ሳቄ መጣ።

ከዚያ እትዬ ራቢያ ወረቀቱን ደግመው አነበቡት። ሁለት ስንዝር ተኩል። ፊርማ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ሲመጣ አየሁ። በግድግዳው በኩል ጮክ ብለው፣ ዋቅጅራ፣ እጅህን ታጠብና ና አሉት።

ዋቅጅራ በዚያች ሱቅ ታሪክ ግባ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። ሦስት ጊዜ በኦሞ ታጥቦ፣ እጆቹን ወደ ላይ ይዞ እንደ ሐኪም ገባ። ጨርቁን አንጥፈው፣ ከዚህ ጀምረህ ስንዝር አሉት። የዋቅጅራን እጅ ያላየ ሰው እጅ አይቻለሁ አይበል፤ የአይሱዙ ጎማ በአንድ እጁ የሚያነሳ ሰው ነው። አንድ ስንዝር አለ፣ ሁለት አለ፣ ተኩሉን ሲጨምር ጉልበትን አልፎ ወረደ። እትዬ ራቢያ ጠመኔያቸውን አሰመሩና፣ እጅህ ይባረክ፣ በል ውጣልኝ አሉት። ጨርቁ ስላልበቃ ቀሪውን በራሳቸው ኪስ ከመርካቶ አስመጡ። የሰፉትም እንደ ከዚህ ቀደሙ በጥድፊያ አልነበረም። ገበር አገቡበት፣ እጅጌ አበጁለት፣ ዘምዘሙን በእጃቸው ሠሩት። የእኔን ስለካው ትከሻዬ በራሱ ጊዜ ቀና አለ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አቶ በድሉ ሊረከብ መጣ። ሆን ብዬ ቀድሜ መጥቼ ጥጉን ይዣለሁ፤ ይህን ትርዒት በሰው አፍ ልሰማው አልፈለግሁም። አንዱን ቀሚስ አንስቶ ሲዘረጋው ፊቱ ከሳቲኑ ብሶ ቀላ። ይሄ ምንድን ነው፣ የቄስ ልብስ ነው ወይ አለ። እትዬ ራቢያ በእርጋታ ወረቀቱን አሳዩት። ሁለት ስንዝር ተኩል ብለዋል፣ ፈርመዋል አሉት። የማን ስንዝር ብሎ ሲጮህ፣ ዋቅጅራ ገና ሳይጠራ በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁን ታጥቦ ነው የጠበቀው። ገብቶ ቀሚሱ ላይ ሰነዘረ። አንድ፣ ሁለት፣ ተኩል። ልክክ። እኛ ሰፈር የሚለካው በዚህ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም አሉት እትዬ ራቢያ።

በድሉ አሁኑኑ ቁረጡ አለ። ሰዓት አለ፣ መቀስ አለ፣ ቁረጡ። እትዬ ራቢያ ትልቁን መቀስ አነሱና እጀታውን ወደ እሱ አዙረው ዘረጉለት።

«ይቁረጡ። ስድስቱንም እርስዎ ይቁረጡ» አሉ። «ከቁጥር ስድስት ይጀምሩ። እሷ ልጄ ናት። እኔ ፊት ይቁረጡት።»

በድሉ መስታወቱ ላይ የተሰካውን ካርድ አየ። እትዬ ራቢያን አየ። ዋቅጅራ ደግሞ በሩን ሞልቶታል። መቀሱን አልተቀበለም። ስድስቱን ቀሚስ ጠቅልሎ፣ ሁለተኛ እዚህ ደጅ ብረግጥ ብሎ እየማለ ወጣ። እትዬ ራቢያ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ መልሰው ተቀመጡ። ከሥራቸው ግማሹ ከእሱ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ሆቴሉ ስንደርስ እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ስድስታችን ተሰልፈን በር ላይ ቆመናል፤ የሚገባው እንግዳ ሁሉ እንደ ወትሮው ከእግር ጀምሮ ሽቅብ ሊያየን ይሞክርና የሚያይበት ያጣል። ከዚያ ፊታችንን ያያል። ፊት ካየ ደግሞ ሰላም ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? የድርጅቱ ኃላፊዎች መስለናቸው ባርኔጣ አውልቀው ይጨብጡናል። አንድ የወለጋ ቡና ነጋዴ እኔን ለይተው ስለ አዲሱ መኪና ካምቢዮ ጠየቁኝ። ስለ ካምቢዮ የማውቀው መቀየሩን ብቻ ስለሆነ ወደ ሃያት ላክኋቸው። ትሪዋን በብብቷ ሸጉጣ ሩብ ሰዓት አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም ካርድ ስጪኝ አሏት።

እናትየው ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጠው። በድሉ ሁለት ጊዜ እንግዳ ይዞ መጣባቸው። ሁለቱንም ጊዜ ሰው አለበት ብለው መለሱት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

ሽልማቱ ተጀመረ። ሃያት ከሥራ አስኪያጁ ኋላ ትሪውን ይዛ ቆማለች፤ እኔ ከጎኗ ነኝ። አንዱ ወንድ ከወንበሩ እየተነሳ፣ ኮቱን እየቆለፈ፣ እየተጨበጨበለት ይመጣል፤ ዋንጫው ከሃያት ትሪ ላይ ይነሳለታል። ከዚያ የመድረክ መሪው «የዓመቱ ምርጥ ሻጭ፣ ሃያት ሚፍታህ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበና የምትነሳ ሴት ይፈልግ ጀመር። ሥራ አስኪያጁም ዋንጫውን አንስተው አሻግረው ያማትራሉ። ጭብጨባው ሳሳ። ሃያት በቀስታ ከኋላቸው «እኔ ነኝ» አለች። ዞር ብለው ትሪዋን፣ ከዚያም ፊቷን አዩ፤ ያፈሩት እሳቸው ነበሩ።

አሁን በዕቅዱ መሠረት ትሪውን የምቀበለው እኔ ነኝ፣ ቁጥር አራት። ሃያት ወደ እኔ ዘረጋችው። እኔ ግን እትዬ ራቢያን አየሁ፤ ቦርሳው ያለበትን ወንበር አየሁ። እጆቼን ወደ ኋላዬ አደረግሁ። ወላሂ አስቤበት አይደለም፣ እጄ በራሱ ሄደ። ከእኔ ቀጥላ ያለችው ጃለኔም አየችኝና እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ደረሰ። በድሉ ከመጋረጃው ጥግ በእግሩ ጣት ጫፍ እየሮጠ፣ ያዢ፣ አንቺ ያዢ ብሎ እያንሾካሾከ እኛ ጋ ደረሰ። ሃያትም በትሕትና ትሪውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ተቀበላት። ሰው ሲሰጡት ይቀበላል፣ ምን ያድርግ።

ሃያት ዋንጫዋን ተቀበለች፣ ተጨበጨበላት፣ ወደ ሰልፋችን ግን አልተመለሰችም። ደረጃውን ወርዳ በአዳራሹ መሐል ሄደች። እትዬ ራቢያ ቦርሳቸውን አነሱ። ልጃቸው ተቀመጠች። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት፤ እኛም ስድስታችን፣ ማለቴ የቀረነው አምስታችን፣ ሙያችን መቆም መሆኑን ረስተን ተቀበልናቸው። የቀሩት አራት ዋንጫዎች በሙሉ ከበድሉ ትሪ ላይ ነው የተነሱት። የወለጋው ነጋዴ፣ ይሄ ሰውዬ አላማረበትም እንዴ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለድምቀት አንዳች አልጎደለም።

ተቀምጣ የተጠራች ልጃቸውን ለማየት ነበር እትዬ ራቢያ የሄዱት፤ ቆማ ተጠርታ ሄዳ ስትቀመጥ አዩ። ይሄኛው ይበልጣል አሉኝ በኋላ።

በድሉ እውነትም ተመልሶ አልመጣም። ለጥቂት ወራት ሱቋ ጭር ብላ ነበር። ከዚያ የዚያ መሥሪያ ቤት ሴቶች ያን ቀይ ቀሚስ ይስፉልን ብለው አንድ አንድ እያሉ መምጣት ጀመሩ፤ የነጋዴው ልጆችም ለሠርግ መጡ። እኔም በማግስቱ መልአክ አልሆንኩም፤ ሌላ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። ሆኖም ቀሚሴን ራሴ አስለክቼ ነው። አሁን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር የራሴ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ ሳቲን ስሸጥ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ባለፈው እትዬ ራቢያን ልጠይቅ ሄጄ የልኬት ደብተራቸውን ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቁጥር አይጽፉም። አንድ ድርጅት የስንት ሰው ትእዛዝ ይዞ ቢመጣ፣ የእያንዳንዷ ስም ከነአባቷ ካልተነገራቸው መቀስ አያነሱም። ሃያትን አየኋት፣ የግራ ትከሻዋ ከነሁለት ሳንቲሙ። ወረድ ስል ደግሞ «ቢፍቱ ኢተፋ» ይላል። ደረት፣ ወገብ፣ ርዝመት በሜትር። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ ብርድ አትወድም ተብሎ ተጽፏል።